ውዳሴ ለመንዝ ጎጆ

የውርጭ ጋሻ፣ የእንግዳ ማረፊያ፣ የገበሬው ማዕረግ፣ የመንዝ ጎጆ ሆይ፣ ክብርና ምስጋና ይገባሻል! ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው ደጋ፣ ነፋስ በሚጋልብበት ሜዳ ጸንተሽ የቆምሽ፣ ከገዛ ምድርሽ በቀር ከማንም ያልተበደርሽ ቤት ነሽና።

እግርሽ ድንጋይ ነው። ማረሻ ሲሰብር፣ በሬ ሲያደናቅፍ የኖረው ድንጋይ ከእርሻው ተለቅሞ በግንበኛ እጅ ከበረ። ግንበኛሽ እያንዳንዱን ድንጋይ በመዳፉ እያገላበጠ ፊቱን ይፈልግለታል፤ ያማረውን ገጽ ወደ ውጭ አዙሮ ያስቀምጠዋል፣ ክፍተቱን በጠጠር ይወትፋል፣ በጭቃ ያያይዛል። ድንጋይን ከድንጋይ ያስማማ እጅ የተመሰገነ ይሁን!

ዘውድሽ ግን የጓሳ ሣር ነው፤ ይህንንም ዘውድ ያበቀለችው ትዕግሥት ናት። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንዝ አባቶች ቄሮ ብለው በሠሩት ሥርዓት የጓሳን ሜዳ ከከብትና ከማጭድ ከለሉት፤ ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ዘጉት፤ ቀኑ ሲደርስ ከፍተው በልክ አጨዱት። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰው፣ ልጆቻቸው በማኅበረሰብ ጥበቃ ጓሳን ዳግም ከለሉት። አንቺን ለመክደን በተጠበቀው ሣር ውስጥ ቀይ ቀበሮ መጠለያ፣ ጭላዳም መሰማሪያ አገኙ። የጣራሽ በረከት ለአራዊት የተረፈ ቤት ሆይ፣ ብፅዕት ነሽ!

ደቦ በወጣ ቀን ክዳንሽ ከክፍክፍሽ ጀምሮ ሽቅብ ወደ ጉልላትሽ ይወጣል፤ የላይኛው ነዶ በታችኛው ላይ እየተደረበ ዝናቡን ተቀባብሎ ወደ ምድር ያወርደዋል። ክዳኑ የሚታሰርበት ገመድም ከዚያው ከጓሳ ሣር የተገመደ ነው። እናቶች ወለልሽን በእበት ይለቀልቃሉ፤ የምድጃሽ ጭስ ሣሩን እያጠነ ከተባይ ይጠብቀዋል። ባና የደረበ ሽማግሌ፣ በጋጥሽ የታሰረ በግ፣ መንገድ ላይ የመሸበት እንግዳ በአንድ ሙቀትሽ ያድራሉ።

አንቺን የሠራ እጁን መሰብሰብ የሚያውቅ ሕዝብ ነው፤ ዛሬ ያላጨደው ሣር የነገ ልጁ ጣራ መሆኑን የተረዳ ሕዝብ።

እንግዲህ ግንበኛሽ ዕድሜ ያግኝ፤ ክዳን የሚያለብስሽ እጅ አይዛል፤ ጓሳን የጠበቀ ይጠበቅ፤ መጪውም ትውልድ የአባቶቹን ልክ ዐውቆ ያንጽሽ። ለዘመናት ቁሚ!