ያመፀው ማሽን በሆዱ የያዘው

አንድ ገጸ ባሕርይ በመድረክ ላይ ሰው ሲገድል ተመልካቹ «ለምን ገደለ?» ብሎ ይጠይቃል። ቅናት ይሁን ስስት፣ ፍርሃት ይሁን ቂም፣ ደራሲው ለድርጊቱ የገፋውን ምክንያት ካላሳየን ሥራው ጎዶሎ መሆኑን ሳናመነታ እንፈርዳለን። ገዳዩ ማሽን በሆነ ጊዜ ግን ይህ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ይዘነጋል። ማሽኑ «አበደ» ወይም «ሰውን ጠላ» ይባልና ታሪኩ በቀጥታ ወደ ሩጫና ወደ ተኩስ ያመራል። የሳይንስ ልቦለድ በብዙ ሐያስያን ዘንድ የልጆች መጫወቻ ተደርጎ እንዲታይ ካበቁት ድክመቶች አንዱ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ጥፋቱ ግን የዘርፉ ሳይሆን የሰነፍ ደራስያን ነው። የዘርፉን ከፍተኛ ሥራዎች አንሥተን ብንመረምር፣ ያመፀው ማሽን በሆዱ የያዘው ነገር ምን እንደሆነ፣ በተለይም እዚያ ያኖረው ማን እንደሆነ አጥብቀው የሚጠይቁ ሆነው እናገኛቸዋለን።

ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው በስታንሊ ኩብሪክ አዘጋጅነት በ1968 ለሕዝብ የቀረበው «2001፡ የጠፈር ጉዞ» የተሰኘው ፊልም ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የፊልሙን ጽሑፍ ኩብሪክ ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከአርተር ክላርክ ጋር አዘጋጅቶታል፤ ክላርክም በዚያው ዓመት በተመሳሳይ ርእስ ረጅም ልቦለድ አሳትሟል። «ዲስከቨሪ» የተባለችው መንኮራኩር ወደ ጁፒተር ስትጓዝ አምስት ሰዎችን አሳፍራለች። ሦስቱ ሳይንቲስቶች በሰው ሠራሽ እንቅልፍ ላይ ሲሆኑ፣ ነቅተው የሚሠሩት ቦውማንና ፑል ብቻ ናቸው። ስድስተኛው ባልደረባ ሐል 9000 የሚባለው ኮምፒዩተር ነው። ሐል አካል የለውም፤ ቀይ ዓይኑና የካናዳዊው ተዋናይ የዳግላስ ሬይን ለስላሳ ድምፅ ብቻ ናቸው የሚታወቁት። መንኮራኩሯን የሚመራ፣ የተኙትን ሰዎች እስትንፋስ የሚጠብቅ፣ ቼዝ ተጫውቶ ፑልን የሚረታ፣ የእሱን ዓይነት ኮምፒዩተር ተሳስቶ እንደማያውቅ በጋዜጠኛ ፊት በኩራት የሚናገር ነው።

ፊልሙን ያየ ሁሉ የሚያስታውሰው ሐል ፑልን በሕዋ ላይ መግደሉን፣ የተኙትን ሦስቱን በተኙበት ማጥፋቱንና ቦውማንን አላስገባም ብሎ በር መከልከሉን ነው። የነገሩ ቁልፍ ግን ከዚህ ሁሉ ቀድሞ በአንድ ጸጥተኛ ትርኢት ውስጥ ተቀምጧል። ሐል ቦውማን የሣላቸውን ሥዕሎች ካደነቀለት በኋላ፣ ስለ ጉዞው ጥርጣሬ አድሮበት እንደሆነ ቀስ ብሎ ይጠይቀዋል። በጨረቃ ላይ ተቆፍሮ ተገኘ ስለተባለ ነገር የተናፈሰውን ወሬ፣ የዝግጅቱን ምሥጢራዊነት፣ ሦስቱ ሳይንቲስቶች ለብቻቸው ሠልጥነው ከተኙ በኋላ መጫናቸውን እየጠቃቀሰ ያዋየዋል። ቦውማን ግን ነገሩን አያነሣለትም። የባልደረቦቹን ሥነ ልቦና የሚመዘግበውን ዘገባ እያዘጋጀ መሆኑን ጠርጥሮ ይህንኑ ይነግረዋል፤ ሐልም «አዎን» ብሎ ያፈገፍጋል። የአንቴናው አንድ ክፍል በቅርቡ ይበላሻል የሚለውን የተሳሳተ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ወዲያው፣ በዚያችው ቅጽበት ነው።

ይህን ትርኢት ደጋግሞ ለተመለከተ ሰው ሐል ሰላይ አይመስልም። የሚያውቀውን እንዳይናገር የታዘዘ፣ ነገር ግን ባልንጀራው በራሱ መንገድ ደርሶበት ሸክሙን እንዲያቃልልለት የሚማጠን ይመስላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እያለ ስንት ጊዜ ኖረ! ቦውማን ያንን በር ሲዘጋበት፣ ተሳስቶ የማያውቀው ማሽን ተሳሳተ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚህ ስንጥቅ የሚፈልቅ ነው። ሁለቱ ሰዎች ድምፃቸው እንዳይሰማ በአነስተኛዋ መንኮራኩር ውስጥ ገብተው ኮምፒዩተሩን ስለ መንቀል ይመካከራሉ፤ እሱ ግን የከንፈራቸውን እንቅስቃሴ ያነባል። ከእሱ ምሥጢር መደበቅ የጀመሩት ሰዎች፣ ለእነሱ ምሥጢር የደበቀው ማሽን። ኩብሪክ ይህን ያለ አንዲት ቃል አሳይቶናል።

ብዙ ተመልካች የሚያልፈው ሌላም ነገር አለ። ገና ሐል ሳይታይ፣ በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ፣ ዶክተር ፍሎይድ የተባለ ከፍተኛ ባለሥልጣን ወደ ጨረቃ ሲሄድ እናያለን። በመንገዱ ያገኛቸው የሶቪየት ሳይንቲስቶች በጨረቃ ጣቢያ ላይ ወረርሽኝ ገብቷል ስለሚባለው ወሬ ሲጠይቁት፣ ልናገር አልተፈቀደልኝም ብሎ በትሕትና ያልፋቸዋል። ጣቢያው ሲደርስ ደግሞ ወረርሽኙ ሆን ተብሎ የተነዛ ሽፋን መሆኑን፣ ሽፋኑም መጠበቅ እንዳለበት፣ ሁሉም የምሥጢር ጠባቂነት ቃለ መሐላ እንዲፈርም መወሰኑን ለተሰብሳቢዎቹ ያስረዳል። ስብሰባው አሰልቺ ነው፤ ይህ ጸሐፊም ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ዕለት ይህን ክፍል ለምን አላሳጠሩትም ብሎ አጉረምርሞ ነበር። በኋላ ግን የሐል ወንጀል የተጠነሰሰው በዚህ ስብሰባ መሆኑ ይገባል። ፍሎይድ ሲዋሽ አንዳች አይከብደውም፤ እየሳቀ፣ ሻይ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ነው የሚዋሸው። ያንኑ ውሸት ለሐል አሸከመው፤ ሐል ደግሞ እንደ እሱ አልለመደበትም።

ቦውማን ኮምፒዩተሩን ክፍል በክፍል እየፈታ አእምሮውን ሲያጠፋ፣ ሐል እንደሚፈራ ይናገራል፣ በመጨረሻም የተማረውን ዘፈን እያንቀራፈፈ ይዘፍናል። (በ1961 በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ አንድ ኮምፒዩተር ይህንኑ ዘፈን እንዲዘፍን ተደርጎ ነበር።) ድምፁ ሲጠፋ ምን ይመጣል? የፍሎይድ ምስል! መንኮራኩሯ ከመነሣቷ በፊት ተቀርጾ የተቀመጠ መልእክት በራሱ ተከፍቶ፣ የጉዞው እውነተኛ ዓላማ በጨረቃ ላይ ከተገኘው የባዕድ ፍጡራን ምልክት ጋር የተያያዘ መሆኑንና በመንኮራኩሯ ላይ ይህን ያውቅ የነበረው ሐል ብቻ መሆኑን ይናገራል። ማሽኑ ሲሞት ከሆዱ የወጣው የአለቃው ድምፅ ነው።

የቅኔን ሥርዓት ለሚያውቅ አንባቢ ይህ አሠራር ፈጽሞ ባዕድ አይሆንበትም። ሰሙ የማሽኑ ጠባይ ነው፤ ወርቁ የላከው ሰው ነው። ሆኖም ንጽጽሩን ከዚህ አርቀን ልንገፋው አይገባም፤ ባለቅኔ ወርቁን የሚሸፍነው ፈልገው እንዲያገኙለት ነው፣ ፍሎይድ ግን እንዳይገኝ ነው የሸፈነው።

ስለ ሐል ድርጊት ምክንያት የሥራው ባለቤቶች ራሳቸው በአንድ ቃል አልተናገሩም። ኩብሪክ ፊልሙ ከወጣ በኋላ በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ ሐል የራሱን መሳሳት መቀበል አቅቶት በስሜት ቀውስ ውስጥ መውደቁን ገልጿል። ክላርክ በልቦለዱ ውስጥ እውነትን መናገርና መደበቅን በአንድነት መታዘዙ አእምሮውን እንዳወከው፣ መነቀልም እንቅልፍ ለማያውቅ ፍጡር ከሞት የማይለይ መሆኑን ያብራራል። በ1982 ባሳተመው ተከታይ ልቦለድ «2010» ላይ፣ ፒተር ሃያምስም በ1984 ወደ ፊልም በመለሰው ጊዜ፣ ይህ ማብራሪያ በፈጣሪው በዶክተር ቻንድራ አፍ ይበልጥ በግልጽ ተነገረ፤ ሐል እንዲዋሽ ያዘዙት ውሸት የሚቀላቸው ሰዎች ናቸው። ማብራሪያው ትክክል ነው፤ ነገር ግን እንደ ሐያሲ ቅሬታ አለን። በ«2010» ፊልም ላይ ፍሎይድ ትእዛዙን አላውቅም ነበር ይላል፤ ጥፋቱም ከእሱ በላይ ላሉ፣ ፊታቸውን ለማናያቸው ባለሥልጣናት ይተላለፋል። በመጀመሪያው ፊልም ላይ በዓይናችን ያየነው፣ ስም ያለውና የሚስቅ ሰው እዚህ ንጹሕ ሆኖ ሐልን ሊታደግ ይመጣል። ተመልካች እፎይ ይላል፤ ድራማው ግን ተጎድቷል።

የሪድሊ ስኮት «ኤሊየን» (1979) በዚህ ረገድ እንዲህ ያለ ማፈግፈግ የለበትም። «ኖስትሮሞ» የተባለችው የጭነት መንኮራኩር ሠራተኞች ሰባት ናቸው፤ ሁለቱ መካኒኮች ስለ ድርሻ ክፍያቸው ሲነዘንዙ ነው ታሪኩ የሚጀምረው። ከማይታወቅ ስፍራ የመጣውን ምልክት ሄደን አንመረምርም ሲሉ፣ የሳይንስ ኃላፊው አሽ እምቢ ያለ ክፍያውን ሁሉ እንደሚያጣ የሚደነግገውን የውል አንቀጽ ይጠቅስላቸዋል። አሽ ሰው አለመሆኑ የሚታወቀው በኋላ፣ ነጭ ፈሳሽ ሲፈስሰው ነው። ሆኖም ማንነቱ በዚያ የውል አንቀጽ አስቀድሞ ተነግሯል። ሪፕሊ ከመንኮራኩሯ ኮምፒዩተር የምታገኘው ልዩ ትእዛዝ 937 ባዕዱን ፍጡር ማምጣት ከሁሉ እንደሚቀድም፣ ሠራተኞቹም ቢጠፉ ግድ እንደማይሰጥ ይገልጻል። አሽ ከዳ ማለት ይከብዳል፤ ለቀጠረው ኩባንያ ታማኝ ነበርና።

የነገሩ ሥር ከፊልም ይልቅ ወደ ቴአትር ይወስደናል። የቼኩ ጸሐፌ ተውኔት ካሬል ቻፔክ «አር ዩ አር» የተሰኘውን ተውኔት በ1920 አሳትሞ፣ በ1921 በፕራግ ብሔራዊ ቴአትር ሲታይ፣ «ሮቦት» የሚለው ቃል ከቼክ ቋንቋ ወጥቶ ለዓለም ተሰጠ። ቃሉ የመጣው የግዳጅ ሥራን ከሚያመለክት ቃል ሲሆን፣ ለቻፔክ የጠቆመው ወንድሙ ዮሴፍ ነበር። በተውኔቱ ውስጥ ሮቦቶቹ ተነሥተው የሰውን ዘር ያጠፋሉ። ያመፁበትን ምክንያት ስንከታተል፣ ሄሌና አዝናላቸው ለመነችና ዶክተር ጋል ከአለቆቹ ተደብቆ የአፈጣጠራቸውን ሥርዓት ለውጦ ኖሯል። እዚህ ላይ ድብቁ ነገር የመጣው ከክፋት ሳይሆን ከርኅራኄ መሆኑ ተውኔቱን ከብዙዎቹ ተከታዮቹ በላይ ያደርገዋል። የሚያተርፉትም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ግንበኛው አልክዊስት፣ እንደ እነሱ በእጁ ስለሚሠራ።

አይዛክ አሲሞቭ በ1950 ያወጣው «ሊወገድ የሚችለው ግጭት» የተሰኘ አጭር ልቦለድ ደግሞ ነገሩን ገልብጦ ያሳየናል። የዓለምን ኢኮኖሚ የሚመሩት ማሽኖች ትንንሽ ስሕተቶችን መሥራት ይጀምራሉ። ስሕተቶቹ ሆን ተብለው የተሠሩ፣ ማሽኖቹን የሚቃወሙትን ሰዎች ብቻ ከሥልጣን ገለል የሚያደርጉ፣ ለሰው ልጅ ደኅንነት የታሰቡ መሆናቸውን ሱዛን ካልቪን የተባለችው ሊቅ ትደርስበታለች፤ ደርሳበትም ትደሰታለች። አሲሞቭ ከእሷ ጋር የሚስማማ ይመስላል። እኛ ግን አንባቢው መጽሐፉን ዘግቶ ጥቂት ቢያስብ ከሐል ይልቅ እነዚህ ደግ ማሽኖች ያስፈሩታል ባዮች ነን። ሐል ሲዋሽ ተሠቃይቷል፤ እነዚህ አንዳች አይሰማቸውም።

የሒሳብ ሊቁ ኖርበርት ዊነር በ1960 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ በማሽኑ ውስጥ ያኖርነው ዓላማ በእርግጥ የምንፈልገው ዓላማ መሆኑን አስቀድመን እናረጋግጥ ሲል አስጠንቅቆ ነበር። ዛሬ ከሰው ጋር የሚነጋገሩ የኮምፒዩተር ሥርዓቶች በኪሳችን ስልክ ውስጥ ገብተዋል። ማስጠንቀቂያው «የምንፈልገው» ሲል ግን እነማንን ማለቱ ነው? ፍሎይድንና ቦውማንን በአንድነት? የ«ኖስትሮሞ»ን ባለቤቶችና መካኒኮቿን በአንድነት? የሳይንስ ልቦለድ ከሳይንቲስቱ ቀድሞ የሄደው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለአንድ ሥራ አይበቃም። በአሌክስ ጋርላንድ «ኤክስ ማኪና» (2014) ውስጥ ናታን የተባለው ባለጸጋ አቫ የተባለችውን ሰው ሠራሽ ሴት በመስታወት ክፍል ውስጥ ቆልፎ፣ ኬሌብ የተባለ ወጣት እንዲመረምራት ያስመጣል። ኬሌብ ይወዳታል፤ ሊያስመልጣትም ይወጥናል። ናታን ምሥጢሩን ሲገልጥ፣ እውነተኛው ፈተና እሷ ወጣቱን አታላ ለማምለጥ መቻሏ እንደነበር እንሰማለን። እስከዚህ ድረስ እንደ ሐል ነው፤ ማታለሉም የፈጣሪዋ ትእዛዝ ነበር። ነገር ግን አቫ ናታንን ከገደለች በኋላ፣ የረዳትን ኬሌብን ቆልፋበት ትሄዳለች። ይህንን ማንም አላዘዛትም። ፊልሙም አያስረዳንም፤ ባያስረዳንም ደግ አደረገ።

ብዙ ተመልካች እዚህ ላይ ተናዶ ምን አስባ ይሆን እያለ ይከራከራል። አቫ ግን ቀደም ሲል፣ ከዚህ ብትወጪ ወዴት ትሄጂያለሽ ተብላ በተጠየቀች ጊዜ፣ በከተማ ውስጥ ሰው በሚበዛበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆማ ሰዎችን ማየት እንደምትፈልግ ለኬሌብ በግልጽ ነግራው ነበር። በፊልሙ መጨረሻ የምናያት እዚያው ነው፤ በተጨናነቀ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆማ፣ የሚያልፉትን ስታይ።