«አሉ» እና «ነበር»፦ ስለ ታሪክና የሕይወት ታሪክ መጻሕፍት ተራኪ

የዚህ መጣጥፍ ዓላማ ለሰፊው አንባቢ ተብለው በቅርብ ዘመን የታተሙ የታሪክና የሕይወት ታሪክ መጻሕፍትን ከተራኪያቸው አንጻር መመልከት ነው። ማስረጃውን የታሪክ ባለሙያዎች ይመርምሩት፤ የሥነ ጽሑፍ መምህር የሚጠይቀው ሌላ ነው። ይህን የሚነግረን ማነው? አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ?

ጥያቄው የመጣልኝ ከወገዳ ነው። በዚያ አገር፣ ማለት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ስለ ጥንቱ ጦር የሚያወጋ ሽማግሌ ያላየውን ነገር ሲናገር «አሉ» ሳይል አያልፍም። መድፉ በዚህ አለፈ አሉ፤ እህሉን ጦሩ በላው አሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ የተጓዙት በ1860 ነው፤ መንገዱም ከአምስት ወር በላይ ፈጅቷል። «አሉ» ትንሽ ቃል ናት። ነገር ግን ተናጋሪውን ያላየውን ከመመስከር ታድነዋለች፤ አድማጩንም «ማን አለ?» ብሎ እንዲጠይቅ ትፈቅድለታለች።

መጽሐፍ ላይ ሲደርስ «አሉ» ይጠፋና በቦታው «ነበር» ይገባል። የአንቺምን ጦርነት እንውሰድ። ራስ ጉግሣ ወሌ በበጌምድርና በወሎ ወሰን አካባቢ የወደቁት መጋቢት 22 ቀን 1922 ነው፤ አውሮፕላን የግዝት ወረቀትና ቦምብ የጣለበት ጦርነት ነው። የቀድሞ ባለቤታቸው ንግሥት ዘውዲቱ ያረፉት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ንግሥቲቱ አስቀድመው ታመው ነበር። ስለ አሟሟታቸው ግን ድንጋጤ ነው፣ ቀዝቃዛ ጠበል ነው፣ መርዝ ነው የሚል ወሬ በአገሩ ተነዛ። ወሬው ራሱ ታሪክ ነው፤ መጻፍም አለበት። ጉዳቱ የሚመጣው ጸሐፊው ከሦስቱ አንዱን መርጦ፣ ከአልጋው አጠገብ ቆሞ እንዳየ ሰው ሲተርክልን ነው። ልቦለድ ይህን ማድረግ ይችላል፤ ሁሉን አወቅ ተራኪ የልቦለድ መብት ነውና። የታሪክ ጸሐፊ ይህን መብት ከማን ተቀበለ?

የመርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ መጽሐፍ እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባዋል። በ1999 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው ይህ መጽሐፍ ከ1896 እስከ 1922 ያለውን ዘመን ሲይዝ፣ ርእሱ ላይ «ካየሁትና ከሰማሁት» ይላል። ሁለቱን ግሦች ለይቶ ማስቀመጡ የአጋጣሚ አይመስለኝም፤ ጸሐፊው የአማርኛ ሰዋስው ያሰናዱ ሰው ናቸው። በዚያው ዓመት የታተመው የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም መጽሐፍም «የሕይወቴ ታሪክ» ብሎ በነጠላ ቁጥር፣ በአንደኛ መደብ ይቆማል። ተራኪው ቢሳሳት እንኳ ማን እንደ ተሳሳተ እናውቃለን።

በ2004 የወጣው የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም መጽሐፍ «ትግላችን» ይባላል፤ ንኡስ ርእሱ ደግሞ የኢትዮጵያ ሕዝብ የአብዮታዊ ትግል ታሪክ መሆኑን ይናገራል። እንግዲህ «-ችን» የማን ናት? የደርጉ? የሠራዊቱ? ወይስ በዚያ ዘመን ልጁን በጦርነት ያጣው የእስቴ ገበሬም አለበት? አንድ ሰው ስለ ራሱ ሥራ ሲጽፍ በብዙ ቁጥር ከተደበቀ፣ ሐያሲው ገጹን ሁሉ «እኛ ማለት እነማን ናችሁ?» እያለ ማንበብ ይኖርበታል። የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» (2006) ቢያንስ ከርእሱ በ«ና» ሁለት ወገን አድርጎታል፤ «እኛ» አንድ ነገር፣ «አብዮቱ» ሌላ ነገር። እርግጥ ነው፣ በአማርኛ «እኛ» ማለት የትሕትና ወግ ይሆናል። ሥልጣን ይዞ የኖረ ሰው ሲላት ግን ትሕትናነቷን እጠራጠራለሁ።

የሚያሳስበኝ መጻሕፍቱ ተመልሰው ወገዳ መግባታቸው ነው። መግባታቸውስ መልካም ነበር፤ የሚያነብ ወጣት መብዛቱን ማን ይጠላል? ሆኖም መጽሐፉን ያነበበ ወጣት አያቱ ፊት «እንዲህ ነበር» ሲል፣ አያቱ «አሉ» ማለታቸውን እንደ አላዋቂነት ይቆጥረዋል። በእኛም ክፍል በኩል ነገሩ አልተሻለም። ለመመረቂያ ጽሑፍ ከስማዳና ከጋይንት ትረካ ሰብስበው ከሚመጡ ተማሪዎች ብዙዎቹ ቃሉን ከድምፅ ወደ ወረቀት ሲገለብጡ «አሉ»ን እንደ ትርፍ ቃል ይሰርዟታል፤ ጽሑፉ ንጹሕ እንዲሆን ነው ይላሉ። መልሱ እያልሁ አስገድዳለሁ። አንዳንዱ ግን ከገለበጠ በኋላ ድምፁን ከስልኩ አጥፍቶታል።