«ጎታች» ወይስ «ልጓም»? ስለ ዓሣ ማስገሪያ ማጠንጠኛ የቀረቡ አቻ ቃላት ሲመረመሩ

በልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ አካባቢ ከሚሠራ አንድ የትርጉም ቤት የወጣ የቃላት ዝርዝር ለአስተያየት ደርሶናል። ዝርዝሩ ለአንድ መመሪያ ትርጉም የተዘጋጀ ነው። መመሪያው ካያክ ከምትባለው ጠባብና ቀላል ጀልባ ላይ ሆነው፣ በሕይወት ያለ ትንሽ ዓሣ በመንጠቆ ከኋላ እያስከተሉ ትልቅ ዓሣ የሚያሰግሩ ሰዎች የክር ማጠንጠኛቸውን እንዴት እንደሚያስተካክሉ ያስረዳል። ርእሰ ጉዳዩ ለአንዳንድ አንባቢ የቅንጦት መስሎ ይታይ ይሆናል። ሆኖም መመሪያን የሚያነብ ሰው ቃሉን ካነበበ በኋላ እጁን ያንቀሳቅሳል። ቃሉ ከተሳሳተ እጁም ይሳሳታል፤ እዚህ ላይ ደግሞ እጁ የሚሳሳተው ውሃ ላይ ነው።

ሒሱን ለመከታተል የመሣሪያውን አሠራር ባጭሩ ማወቅ ያሻል። ክሩ የተጠመጠመበት በከራ የሚዞረው እርስ በርሳቸው በሚጫኑ ዝርግ ዲስኮች ተይዞ ነው። ጫናው ሲላላ በከራው በቀላሉ ዞሮ ክር ይለቃል፤ ጫናው ሲጠብቅ ክሩ የሚወጣው በብርቱ ሲሳብ ብቻ ነው። ጫናው በእጀታ የሚስተካከልበት ዓይነት ሦስት ዋና ዋና ቦታዎች አሉት። በመጀመሪያው ቦታ ክሩ ያለ ገደብ ይለቀቃል፤ ሁለተኛው ዓሣው መንጠቆውን ከነጠቀ በኋላ የሚያስፈልገው መካከለኛ ጫና ነው፤ ሦስተኛው የጫናው መጨረሻ ነው። የተለመደው ምክር መካከለኛው ጫና ክሩ ከሚበጠስበት ኃይል ከሩብ እስከ ሢሶ እንዲሆን ነው። ይኸውም 12 ኪሎ ለሚችል ክር ከ3 እስከ 4 ኪሎ ማለት ሲሆን፣ ልኩ በሚዛን ይለካል። ማባበያው ዓሣ በሚከተልበት ጊዜ ግን እጀታው ከልቅነት እምብዛም ሳይርቅ ይቆያል፤ ትንሹ ዓሣ ክር መሳብ እንዳይችል፣ ትልቁ ግን ሲነጥቅ ሳይደነግጥ ይዞ እንዲሄድ ነው።

እንግዲህ ዝርዝሩ ይህን የጫና መቆጣጠሪያ «ጎታች» ብሎታል። የስሕተቱ ምንጭ ግልጽ ነው፤ የእንግሊዝኛው ስያሜ «ድራግ» መጎተት ከሚል ግሥ ጋር ስለሚገናኝ፣ ተርጓሚው የቃሉን ፍቺ እንጂ የዕቃውን ሥራ አልተረጐመም። በመሣሪያው ውስጥ የሚጎትት ነገር የለም። የሚጎትተው ዓሣው ነው፤ የሚጎተተውም ክሩ፣ አንዳንድ ጊዜም ካያኳ ከነቀዛፊዋ ናት። «ጎታቹን አጥብቅ» የሚል ትእዛዝ ያነበበ ሰው ዓሣው በፍጥነት ወደ እርሱ እንዲመጣ የሚያደርግ ነገር ያጠበቀ ይመስለዋል። ውጤቱ የክር መበጠስ ብቻ ከሆነ ዕድለኛ ነው፤ ክሩ ጠንካራ ከሆነና ዓሣው ወደ ጎን ከሳበ ጠባቧ ጀልባ ልትገለበጥ ትችላለች።

ተርጓሚው ከእንግሊዝኛው ውጭ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ቢመለከት ኖሮ መልሱን በገዛ ቋንቋው ውስጥ ባገኘው ነበር። ፈረንሳይኛ ይህን የማጠንጠኛ ክፍል «ፍሬን»፣ ጣሊያንኛ ደግሞ «ፍሪሲዮኔ» ይለዋል። ሁለቱም ቃላት በመኪና በኩል ወደ አማርኛ ከገቡ ቆይተዋል፤ ፍሬንና ፍሪሲዮን የማያውቅ ሾፌር ወይም መካኒክ የለም። በአሠራር ረገድ ፍሪሲዮን ይቀርባል፤ እርሱም እንደ ማጠንጠኛው በሚጫኑ ዲስኮች የሚይዝና የሚለቅ ነው። ይሁን እንጂ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ፍሬን ማቆምን፣ ፍሪሲዮን ማርሽ መቀየርን ያስታውሳሉ። እዚህ የሚፈለገው ግን ሳያቆሙ መግታት ነው።

ስለዚህ «ልጓም» የሚለው ቃል ይመረጥ እላለሁ። ልጓም የሚሮጠውን እንስሳ ፍጥነቱን ይገዛል እንጂ አይጎትተውም፤ ልጓም ይላላል፣ ይጠብቃል፤ ብዙ የጠበቀ ልጓም ፈረሱን እንደሚያስቆጣ ብዙ የጠበቀ ማጠንጠኛም ክሩን ይበጥሳል። ምርጫው ከባዕዱ ቃል ታሪክ ጋርም አይጣላም፤ የፈረንሳይኛው ፍሬን የመጣበት የላቲን ቃል ራሱ ልጓም ማለት ነበርና።

ዝርዝሩ የሚመሰገንበትም ነገር አለው። ለጠቅላላው መሣሪያ «ማጠንጠኛ»፣ ክሩ ለሚጠመጠምበት ክፍል «በከራ» ብሏል። ሁለቱም ክር ከሚያጠነጥንና ከሚሰፋ ሰው አፍ የተወሰዱ እንጂ በጠረጴዛ ላይ የተፈበረኩ አይደሉም። ይህ ጥንቃቄ በሌሎቹ አቻዎች ላይ አለመታየቱ ያሳዝናል።

ለምሳሌ ዘንጉ በካያኳ ላይ የሚተከልበት ቀዳዳ «ዘንግ ያዥ» ተብሏል። የትርጉም ቤቱ ያለበት ሰፈር ስም ብቻውን ይህን ለማረም በበቃ ነበር። ጠመንጃ ያዥ የወታደሮች ስም ነው፤ ጠመንጃ የሚሰቀልበት ግድግዳ ጠመንጃ ያዥ አይባልም። ገንዘብ ያዥም ሰው ነው እንጂ ሣጥን አይደለም። በአማርኛ በዚህ አገባብ «ያዥ» የሚለው አድራጊውን ሰው፣ «መያዣ» ደግሞ መሣሪያውን ያመለክታል። እንግሊዝኛው ለሁለቱም አንድ ቅርጽ ሊጠቀም ይችላል፤ አማርኛ ግን ለይቶ ይናገራል። «ዘንግ ያዡን ከፊትህ አድርግ» የሚለውን ያነበበ ሰው ጓደኛ ይዞ መሄድ ያለበት ይመስለዋል። ትክክለኛው «የዘንግ መያዣ» ነው።

የእጀታው ሦስት ቦታዎች ስያሜም እንዲሁ መታረም ይገባዋል። መጀመሪያው «ነጻ» ተብሏል፤ ቃሉ ዋጋ አለመክፈልንም ስለሚያሰማ «ልቅ» ይሻላል። ሁለተኛው «የአድማ ቦታ» መባሉ ከመዝገበ ቃላት የመጀመሪያውን ፍቺ ከማንሣት በቀር ሌላ ምክንያት የለውም፤ ዓሣ ሥራ አያቆምም። እዚህ ላይ ቋንቋው ራሱ መንገዱን ያሳያል፤ መንጠቆ ነጠቀ ከሚለው ግሥ ጋር የተዛመደ ስለሆነ፣ ዓሣው የሚነጥቅበት ጊዜ ጫና «ንጥቂያ» ቢባል ቃሉና ዕቃው ይገናኛሉ። ሦስተኛው «ሙሉ» ተብሏል፤ ሙሉ የሚለው ምን እንደሞላ ስለማይናገር «ጥብቅ» ይተካው።

በጎተተ ግሥ ላይ የተጫነው ሸክም ግን ከሁሉም የከፋ ነው። ዝርዝሩ ማባበያ አስከትሎ ማስገርንም፣ ትልቅ መረብ በመርከብ ስቦ ማስገርንም «መጎተት» ብሏል። ከ«ጎታች» ጋር ሲደመር አንድ ሥር ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸከማል። ለመረቡ «መጎተት» ይቅርለት፤ መረቡ በእርግጥ ይጎተታልና። ለመጀመሪያው ግን «ማስከተል» ይበቃል። «ሕያው ወጥመድ» የተባለውም «ሕያው ማባበያ» መባል አለበት፤ ወጥመዱ መንጠቆው እንጂ ትንሹ ዓሣ አይደለምና።

በመጨረሻ ካያክን «ታንኳ» ብሎ መተርጐም ስለ መቻሉ ይጠየቅ ይሆናል። የጣና ታንኳ ከደንገል የታሰረች፣ ውሃ እየጠጣች የምትከብድና ወጥታ መድረቅ ያለባት ናት። ካያክ በአብዛኛው ከፕላስቲክ ወይም ከፋይበር ትሠራለች፤ ክብደቷም አይለወጥም። የሁለቱ ባሕርይ የተለያየ ስለሆነ «ካያክ» እንደተባለች ትቆይ። ማስከተል የሚለው አገባብ ግን ለታንኳም ያገለግላል። በጣና ከባርበስ ወገን ከሚቆጠሩት 15 ያህል ትላልቅ ዝርያዎች 8ቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው፤ በሐይቁ ላይ ለሚሠራ ሰው የሕያው ማባበያ ነገር ባዕድ ወሬ ሆኖ አይቀርም።

እንግዲህ የቀረቡት አቻዎች እነዚህ ናቸው፤ ማጠንጠኛ፣ በከራ፣ ልጓም፣ የዘንግ መያዣ፣ ልቅ፣ ንጥቂያ፣ ጥብቅ፣ ማስከተል፣ ሕያው ማባበያ። ከእነዚህ ውስጥ ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ የሆነ ቃል የለም፤ አዲሱ ነገር የተመደቡበት ሥራ ነው። የሙያ ቃል ሠሪ ባዕዱ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት ዕቃው ምን እንደሚሠራ ይጠይቅ። አቻዎቹ ከመታተማቸው በፊትም ዘንግ ለያዘ ሰው ይነበቡለት፤ ሰምቶ እጁን ወደ ትክክለኛው ቦታ ከወሰደ ቃሉ ሥራውን ሠርቷል።