ማረሻ ሠሪው ጅብ፦ የቡዳ ተረክ እንደ ማኅበረሰብ ሰነድ

ከእንፍራንዝ በላይ የቆመው የጉዛራ ግንብ ሲነሣ የሚወሳው ዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው፤ ድንጋይ የጠረበውን ማንም አያነሣም። ዝም መባሉ ግን ከሌላው ዕጣ ይሻላል። በጎንደርና በዙሪያዋ ሲተረክ የኖረው አንጋፋው የጭራቅ ታሪክ ዋና ገጸ ባሕርይ ባለእጁ ነው፦ ቀን ማረሻ ሲቀጠቅጥ የዋለው ሰው ሲመሽ ጅብ ሆኖ ይወጣል፤ ቡዳ የሚሉት እሱን ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1853 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጆሮው ላይ ጌጥ ስለተገኘበት ጅብ አገሬው ያወራውን መዝግቧል። ጌጡ የቀጥቃጩ ነው፤ ሲለወጥ ሳያወልቀው ቀርቶ!

ተረኩን የምቀኝነት ማስጠንቀቂያ አድርጎ ማንበብ የተለመደ ነው። ሲበሉ ከሰው ዓይን መከለሉ፣ በሕፃን አንገት ክታብ ማሰሩ፣ ቡዳ በላው የተባለውን በጭስ አጥነው የበላውን ሰው ስም ማስለፍለፉ ለዚህ ንባብ ማስረጃ ይሆናሉ። ንባቡ ትክክል ቢሆንም ጎደሎ ነው። ምቀኛ በየቤቱ ሞልቶ ሳለ ጅብ የሚሆነው ስለምን ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ብቻ ሆኑ?

መልሱ ርስት ላይ ነው። በወጉ እንደሚነገረው፣ በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ቤተ እስራኤል (ኢትዮጵያዊ አይሁዳዊ) የአባቱን ርስት እንዳይወርስ አዘዙ። ታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ኩዊሪን እንዳሳየው፣ መሬት ያጣው ሕዝብ ቀስ በቀስ ወደ ብረት፣ ወደ ሸክላና ወደ ግንባታ ሥራ ገባ። ርስተኛው ያለ እነዚህ ሰዎች አያርስም፣ አያበስልም ነበር፤ አብሯቸው ግን ማዕድ አይቆርስም ነበር። እንግዲህ ጭራቁ የተወለደው ከዚህ አስጨናቂ ጥገኝነት ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

አንትሮፖሎጂስቱ ሮናልድ ሬሚኒክ ከማንዝ ሰብስቦ በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ትረካ ከሁሉም ይበልጣል። ቡዳው የተቀበረውን ሬሳ ቆፍሮ ያወጣል፣ ሕይወት ይዘራበታል፣ ቤቱ ወስዶ ባሪያ ያደርገዋል፤ እንግዳ ሲመጣ ወደ ሸክላ ዕቃ ይለውጠዋል። ይህን ከሜሪ ሼሊ የ1818 እ.ኤ.አ. ልብ ወለድ ጋር ማስተያየት ይገባል። ቪክቶር ፍራንከንስታይን የደህና ቤተሰብ ልጅና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ሙት ያስነሣው ዕውቀት ተርቦ ነው፤ አስፈሪ ሆኖ የተሣለውም ከእጁ የወጣው ፍጡር ነው። በእኛ ተረክ ሙቱ ምስኪን አገልጋይ ሲሆን አስፈሪው ራሱ ሠሪው ነው። አውሮፓ ሳይንስ ከልክ እንዳያልፍ ስትሰጋ፣ የእኛው ርስተኛ የሰጋው መሬት የሌለው ሰው በጥበቡ ጉልበት አግኝቶ ጌታ እንዳይሆን ነበር። ስለዚህ ተረኩ ከሥነ ምግባር ትምህርትነቱ ይልቅ የመደብ አጥርነቱ ያይላል።

የአጥሩ ዋጋ ጋፋት ላይ ታየ። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ለወንጌል የመጡ አውሮፓውያንን መድፍ አስቀለጡ፤ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የዚያ ሥራ ውጤት ነው። ንጉሡ የውጭውን ብረት አቅላጭ እየሸለሙ፣ የአገሩ ብረት አቅላጭ በጎረቤቱ አፍ ጅብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብ ንጉሡን እንደ መስደብ ይቆጠራል ብለው አወጁ። አዋጁ ስድብን ከለከለ፤ የእሳት ዳር ተረክን ግን አዋጅ አይደርስበትም።

በ1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ አብዛኛው ቤተ እስራኤል ከአገር ከወጣም በኋላ ተረኩ አልሄደም፤ ሌላ ተከሳሽ አላጣምና። ተረክ የምንሰበስብ ሰዎች እስካሁን ያዳመጥነው በአብዛኛው ፈሪውን ነው። ተመራማሪዋ ሀጋር ሳላሞን ግን በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱትን ቤተ እስራኤሎች ራሳቸውን ጠይቃለች። በጎንደርና በእንፍራንዝ ዙሪያ ያሉ አጥኚዎችም መቅረጫቸውን ይዘው ወደ ወናፉና ወደ ሸክላው ቤት ይግቡ፤ ጅብ የተባለው ሰው የሚተርከውን ይመዝግቡልን።