«አሁን ነካሽኝ»

«አሁን ነካሽኝ» አሉኝ አባባ። አልነካኋቸውም። ክሯን የያዘው እጄ ከተረከዛቸው አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ነበር።

ከጎጃም ገጠር የመጡ ገበሬ ናቸው። የሥጋ ደዌ መድኃኒታቸውን 12 ወር ሙሉ ውጠው ጨርሰዋል። እኔ የምሠራው ምርመራ ሲያዩት ቀላል ነው። እጀታ ጫፍ ላይ የተተከለች የናይለን ክር አለችኝ፤ ቆዳ ላይ ቀጥ አድርጌ ስጫናት በ10 ግራም ግፊት ትጎብጣለች። ስትጎብጥ አነሳታለሁ። ታካሚው ዓይኑን ጨፍኖ የተነካበትን ቦታ በጣቱ ያሳያል። ውስጥ እግሩ እሷን ካልሰማ እሾህ ቢወጋው፣ ፍም ቢረግጥም ላያውቅ ይችላል።

አባባ ዋሽተውኝ ነው? አይመስለኝም። ጎረቤት መጠጫ ሲለይባቸው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያን ሁሉ ኪኒን የዋጡት «ድነዋል» ለመባል ነው። እግራቸው በጉጉት ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ ደግሞ ይሰማዋል። እኔስ ስልኬን ቤት ረስቼ ወጥቼ ኪሴ ውስጥ ሲነዝር ተሰምቶኝ የለ? በቤተ ሙከራም ታይቷል፦ ከጣት አጠገብ መብራት ብልጭ ሲል፣ ማንም ሳይነካቸው «ተነካሁ» የሚሉ ሰዎች ይበዛሉ።

የተገላቢጦሹም አለ። «ይሄ እግር ከሞተ ቆየ» ብላ የመጣች እናት ሦስት ጊዜ ነክቻት ዝም አለች። ክሯን መጀመሪያ ክንዷ ላይ አሳረፍኩላትና «የምትጠብቂው ይቺን ነው፤ ይቺኑ ያህል ናት» አልኳት። ከዚያ በኋላ ሁለቱን በትክክል አሳየችኝ። ምን ያህል ቀላል ነገር እንደምትፈልግ አታውቅም ነበር።

ስጀምር እንደ ከበሮ መቺ ነበርኩ፦ ነካ፣ ነካ፣ ነካ፣ እኩል እኩል። ታካሚው ምቱን ይይዝና እግሩ ባይሰማም «አዎ» ይላል። «ተሰማዎት?» ብሎ መጠየቅማ መልሱን አብሮ መስጠት ነው። የጋውን እጅጌ ኮሽታ እንኳ ያሳብቃል። አሁን እጅጌዬን እሰበስባለሁ፣ አልናገርም፤ አንዳንዴ ረጅም ዝም እላለሁ፣ አንዳንዴ አንዱን ቦታ ደግሜ እነካለሁ። የደነደነ ቆዳ ላይ ግን አልሞክርም፤ ጤነኛ ነርቭ ያለውም ሰው እዚያ ላይሰማው ይችላል።

ከሁሉ የከበደኝ የራሴን ግምት መግታት ነው። ከዓመታት በፊት አንዲት ወጣት መጣች፤ እግሯ ንጹሕ፣ ቁስል የሌለው። ደህና ናት ብዬ ስለጀመርኩ «ምናልባት» ያለችውን ሁሉ «ተሰምቷታል» ብዬ ሞላሁ። ከወራት በኋላ የእግሯን ዳር የከሰል ምድጃ አቃጥሏት ተመለሰች፤ ሲያቃጥላት አላወቀችም። የነርቭ ጉዳት 6 ወር ሳይሞላው ከተደረሰበት ፕሬድኒሶሎን በሚባል መድኃኒት የመመለስ ዕድል አለው። ያን ጊዜ እኔ በላሁባት። ከዚያ ወዲህ የታካሚውን የቀድሞ ውጤት ካርድ ገልብጬ አስቀምጣለሁ፤ ምርመራውን ሳልጨርስ አላየውም።

አባባን እንደገና ጀመርኳቸው። ትንፋሼን ያዝኩ፣ ቆየሁ። ማንም ያልነካውን አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ። ተረከዛቸውን ስነካ ዝም። ግራ እግራቸው ላይ ግን አንድም አልሳቱም። ስጨርስ ዓይናቸውን ገለጡና ፈተና እንደጨረሰ ተማሪ ወደ ወረቀቴ አጮለቁ።

«ስንቱን አገኘሁ ልጄ?»