የአንጀት ባክቴሪያ ጥናት በምን ይመዘናል?

በኦክላንድና በሳን ሆዜ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የአንጀት ባክቴሪያ ምርምር ከሚፋፋምባቸው ቦታዎች በአንዱ ጎረቤት ነን። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎች ከሳን ሆዜ በመኪና ቅርብ ናቸው። ከእነሱና ከመሰሎቻቸው የሚወጣው ውጤት ዜና ይሆናል፣ የእንክብል ማስታወቂያም ይሆናል። ስለዚህ ጥሩውን ሥራ ከተራው መለየት ያስፈልጋል። ለእኔ ዋናው ሚዛን ይህ ነው፦ ጥሩ ጥናት የባክቴሪያዎቹን ስም በመዘርዘር አያበቃም። ማን ከማን አጠገብ እንደሚኖር፣ ከአንጀቱ ግድግዳም በምን ያህል ርቀት እንደሰፈረ ይጠይቃል። በብልቃጥ ሲያሳድጋቸው ከዚያ ሰፈር ምን እንደጎደለም ሳይደብቅ ይናገራል።

መጀመሪያ አየሩን ይመልከቱ። ከአንጀት ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ ኦክስጅን ሲነካቸው ይሞታሉ። የሚያድጉት ናይትሮጅን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ጥቂት ሃይድሮጅን በተሞላ ዝግ ሳጥን ውስጥ ነው። ናሙናው ከሰውነት ወጥቶ እዚያ ሳጥን እስኪገባ እንዴት እንደተጠበቀ ያልተጻፈበት ጥናት ያጠራጥራል። ያጠናው የአንጀቱን ነዋሪዎች ሳይሆን አየር የቻሉትን ብቻ ሊሆን ይችላልና።

ቀጥሎ፣ የሚጠናው የባክቴሪያ ማኅበር ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። ሁለት መንገዶች አሉ፤ ስታንፎርድ በሁለቱም በ2022 እ.ኤ.አ. ጥሩ ምሳሌ አውጥቷል። አንደኛው ከዓይነ ምድር የተገኘውን ማኅበር እንዳለ ወስዶ ከአዲስ ማሳደጊያ ወደ አዲስ ማሳደጊያ ደጋግሞ ማዛወር ነው። የኬሲ ሁዋንግ ቡድን በዚህ መንገድ የተረጋጉና ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የያዙ ማኅበራትን አቆይቷል፤ እርሾ ከሊጥ ወደ ሊጥ እየተላለፈ ጠባዩን እንደሚይዝ ማለት ነው። እዚህ ላይ የጥራት ምልክቱ ጎን ለጎን የተዘሩት ብልቃጦች ወደ ተመሳሳይ ስብጥር መድረሳቸው ነው።

ሁለተኛው ባክቴሪያዎችን አንድ በአንድ አሳድጎ ማሰባሰብ ነው። የማይክል ፊሽባክ ቡድን 104 ዝርያዎችን አንድ ላይ አድርጎ ምንም ባክቴሪያ በሌላቸው አይጦች ውስጥ አኖረ። ከዚያም የሰው ዓይነ ምድር ጨምሮ ማኅበሩን ፈተነው። ከውጭ መጥተው ቦታ ያገኙት ባክቴሪያዎች ክፍተቱ የት እንደነበረ አመለከቱ፤ ቡድኑም ዝርዝሩን አስተካክሎ 119 አደረሰው። ይህን ሥራ የማደንቀው በቁጥሩ ብዛት አይደለም። ተመራማሪዎቹ የገዛ ሥራቸውን ሊያፈርስ የሚችል ፈተና ራሳቸው ስላዘጋጁ ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ አቀማመጡ ነው። የሚናወጥ ብልቃጥ ሁሉንም ይደባልቃል፤ አንጀት ግን እጥፋት፣ ፍሰትና የንፍጥ ሽፋን አለው። በ2008 እ.ኤ.አ. የስዊድን ጎተንበርግ ተመራማሪዎች በአይጥ ደንዳኔ ውስጥ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀው የንፍጥ ንብርብር ከባክቴሪያ ነጻ እንደሆነ አሳዩ። ይህ ንብርብር በተለመደው ውሃ አዘል ፎርማሊን ከታከመ ይሟሽሻል። አልኮል፣ ክሎሮፎርምና አሴቲክ አሲድ ያለበት የካርኖይ ፈሳሽ ግን ይጠብቀዋል። ስለዚህ ስለ አቀማመጥ የሚናገር ጥናት ሲያገኙ ከሥዕሉ በፊት ናሙናው በምን እንደተጠበቀ ያንብቡ።

ሥዕሉም ቢያምር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ስንት አይጥ፣ ስንት ቦታ ተለካ? ክሪስተን ኧርልና ባልደረቦቿ ስታንፎርድ ውስጥ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት የሚደነቀው ርቀቱን በኮምፒዩተር ፕሮግራም ስለለካ ነው። ባክቴሪያ የሚመገበው የአሰር ዓይነት ከአይጦቹ ምግብ ሲወጣ ንፍጡ ሳሳ፣ ባክቴሪያዎቹም ወደ ግድግዳው ተጠጉ። የስም ዝርዝር ብቻውን ይህን አያሳይም።

በመጨረሻ የድምዳሜውን ስፋት ይለኩ። በብልቃጥ የታየ በአይጥ፣ በአይጥ የታየም በሰው እስኪረጋገጥ ድረስ ባለበት ይቆይ። በሰው ላይ የተሠራም ቢሆን ከተፈተነው አልፎ አይዘረጋም። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው የስታንፎርድ ጥናት በ36 ጤነኛ ሰዎች ላይ የተሠራ ነው። የተብላላ ምግብ የበሉት የባክቴሪያቸው ዓይነት በዛ፤ ከሰውነት መቆጣት ጋር የተያያዙ 19 ፕሮቲኖችም ቀነሱ። የተበላው ግን እንደ እርጎ፣ ከፊር፣ ኪምቺና ኮምቡቻ ያለው ነበር። እንጀራ አልተፈተነም። ሊጡን ያኮመጠጡት ባክቴሪያዎችም ምጣዱ ላይ ስለሚሞቱ በሕይወት ወደ ሆዳችን አይደርሱም። እንጀራ የራሱ በረከት አለው፤ ይህን ጥናት ምስክር አድርጎ የሚሸጥልን ግን ያልተባለውን እየጨመረ ነው።

እንግዲህ አየሩን፣ ምንጩን፣ አቀማመጡንና ድምዳሜውን ይመርምሩ። ከአራቱ ጥያቄዎች አንዱን እንኳ ያልመለሰ ጥናት ለጊዜው ጅምር ነው፤ በእሱ ተማምነው ገንዘብዎን አያውጡ፣ የሐኪምዎንም ምክር አይተዉ።