የከሰረ መደብር ኃላፊነት እስከ የት ነው?

ነጋዴ አትርፎ ሲከብር ማየት ደስ ያሰኛል፤ ከስሮ ሲወድቅ ማየትም ያሳዝናል። ትርፍና ኪሳራ በንግድ ቤት ተጐራብተው የሚኖሩ ናቸውና፥ የከሰረውን ሁሉ በደለኛ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። ገበያ ይለወጣል፤ የሰውም ምርጫ ይለወጣል፤ ትናንት ሕዝብ ይሻማበት የነበረው ዕቃ ዛሬ አቧራ ለብሶ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ትልቅ መደብር በወደቀ ጊዜ «ለምን ከሰረ?» ብለን ከጠየቅን በኋላ፥ ሌላ ሁለት ጥያቄ መጨመር ይገባናል፤ ሲያተርፍ ትርፉን የወሰደ ማን ነው? ሲወድቅስ ከሥር ሆኖ የተጫነው ማን ነው?

ለዚህ ነገር ምሳሌ አድርጌ የማነሣው በእንግሊዝ አገር ብሪቲሽ ሆም ስቶርስ ይባል የነበረውን ኩባንያ ነው። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ይህ ኩባንያ በ1928 በሎንዶን ከተማ ብሪክስተን በሚባለው ሰፈር ተቋቁሞ፥ ልብስና የቤት ዕቃ እየሸጠ ሰማንያ ዓመት ያህል የእንግሊዝ ቤተ ሰብ ሁሉ የሚያውቀው መደብር ሆኖ ኖረ። በ2000 ሚስተር ፊሊፕ ግሪን የተባሉት ባለጸጋ በ200 ሚሊዮን ፓውንድ ገዙት። እኒህ ሰው በኋላ በ2006 ስለ ንግድ ሥራቸው «ሰር» የሚለውን ማዕርግ ተቀብለዋል። መደብሩን በገዙበት ጊዜ የሠራተኞቹ የጡረታ ገንዘብ ሙሉ ነበረ፤ እንዲያውም ከሚፈለገው በላይ 43 ሚሊዮን ፓውንድ ትርፍ ነበረው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጥጋብ ዓመታት ነበሩ። ከ2002 እስከ 2004 ድረስ ኩባንያው ለባለቤቶቹ 414 ሚሊዮን ፓውንድ የትርፍ ድርሻ ከፈለ። በዚያው ጊዜ ግን ግብር ከተከፈለ በኋላ ያገኘው ትርፍ 208 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ከተከፈለውም ውስጥ 307 ሚሊዮኑ ለግሪን ቤተ ሰብ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ገበያው ቀዘቀዘ፤ መደብሮቹ አረጁ፤ የጡረታውም ገንዘብ ጐደለ። ጉድለቱን ለመሙላት ኩባንያው ያቀረበው ዕቅድ 23 ዓመት የሚፈጅ ነበር። በ2015 በመጋቢት ወር መደብሩ ከነሠራተኞቹና ከነዕዳው በአንድ ፓውንድ ተሸጠ። የገዛውን ማኅበር ይመራ የነበረው ዶሚኒክ ቻፔል ቀድሞ ኪሳራ የታወጀበት፥ ትልቅ መደብር አስተዳድሮ የማያውቅ ሰው ነበረ። ከአሥራ ሦስት ወር በኋላ፥ በሚያዝያ 2016፥ ኩባንያው ወደቀ። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ከ160 የሚበልጡት መደብሮቹ ተዘጉ፤ 11,000 ያህል ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ፤ በጡረታው ገንዘብም የ571 ሚሊዮን ፓውንድ ጉድለት ተገኘ።

በ2016 በሐምሌ ወር ከእንግሊዝ ምክር ቤት ሁለት ኮሚቴዎች ነገሩን መርምረው አንድ ሪፖርት አወጡ። ይህ ሪፖርት ሊመሰገን ይገባዋል። ቃሉ ግልጽ ነው፤ ባለቤቱንም፥ ገዢውንም፥ ዝም ብለው የተቀመጡትን ዲሬክተሮችም፥ ደመወዛቸውን ተቀብለው ሽያጩን ያሳመሩትን አማካሪዎችም በየድርሻቸው ይወቅሳል። ነገር ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረታችንን ሳያስታውሱ ማንበብ ያስቸግራል። የትርፉ ድርሻ በተከፈለበት ጊዜ ሒሳቡ የተሰወረ አልነበረም። በዚያን ዘመን ብዙ ሰው ያጨበጭብ ነበረ፤ መንግሥትም ማዕርግ ሰጠ። በኋላ ሁሉም ተቈጣ፤ ጋዜጦቹም የባለጸጋውን የመዝናኛ መርከብ ፎቶግራፍ አወጡ፤ በ2016 በጥቅምት ወር ምክር ቤቱ ማዕርጋቸው ይገፈፍ ብሎ ድምፅ ሰጠ። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ማዕርግ ቢገፈፍ የትኛዋ ጡረተኛ እራቷን ትበላለች? ቍጣችን በአንድ ሰው መርከብ ላይ ባረፈ መጠን፥ ያ ሥራ የተሠራበት ልማድ ሳይነካ ይቀራል።

አሁን ደግሞ ለባለቤቱ የሚከራከረውን ሰው በትዕግሥት እንስማው። እንዲህ ይላል፦ «የትርፉ ድርሻ የተወሰደው ከውድቀቱ ከአሥር ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። ሕግም ይፈቅዳል። በክፉው ዓመት ባለቤቱ መደብሩን ከሌላ ሀብታቸው እየደገፉ አቆይተውታል። በመጨረሻም ሸጠዋል፤ የተሸጠ ዕቃ ደግሞ የገዢው ነው።» ይህ ክርክር ባዶ አይደለም፤ በሕግ ሚዛን ብቻ ቢመዘን ብዙው ያልፋል።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ የቋንቋችን ቃል ያስተምረናል። በ1952 ዓ. ም. በእኛ አቈጣጠር የወጣው የንግድ ሕጋችን፥ በ2013 ዓ. ም. የተተካውም አዲሱ ሕግ፥ «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» የሚባለውን የማኅበር ዐይነት ያውቃል። ይህን ጽሕፈት በየሱቁ ሰሌዳ ላይ በየቀኑ እናነበዋለን። ሕጉ የወሰነው ዕዳን ነው፤ ማኅበሩ ቢከስር አበዳሪው የባለድርሻውን ቤትና አልጋ እንዳይወስድበት ነው። በአማርኛ ግን «ኃላፊነት» የሚለው ቃል ዕዳን ብቻ ሳይሆን አደራንም ይይዛል። ብዙ ባለጸጎች ሰሌዳውን አንብበው አደራውም አብሮ የተወሰነላቸው ይመስላቸዋል። ዕዳን መወሰን ኅብረተ ሰቡ ለነጋዴ የሰጠው ስጦታ ነው፤ ሰው ደፍሮ ይሥራ፥ እንጀራም ለብዙዎች ይገኝ ተብሎ የተሰጠ ነው። አደራን የሚወስን ሕግ ግን በየትም አገር አልተጻፈም።

ነገሩን በእቁብ እንመልከተው። አንድ ሰው እቁብ ገብቶ ዕጣው በመጀመሪያው ሳምንት ቢወጣለት ገንዘቡን መውሰዱ ነውር አይደለም፤ መብቱ ነው። ዳኛው ግን ዋስ ሳያስጠራ አይሰጠውም። ለምን ቢባል ቀድሞ የበላ ሰው ገና ያልደረሳቸው ሰዎች ባለዕዳ ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ገንዘቡን ከበላ በኋላ «ቀሪውን ክፍያ ለእገሌ አስረክቤአለሁ» ብሎ፥ ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ቢያመጣ፥ የትኛው ዳኛ ይቀበለዋል? ጡረታውን የሚጠብቅ ሠራተኛ ዕጣው በመጨረሻ የሚወጣለት እቁብተኛ ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ቆሞ ሲሸጥ ከደመወዙ የቀረለትን ለሽምግልናው አስቀምጦአል። ባለቤቱ ቀድሞ በላ፤ እርሱ ግን ገና ይጠብቃል። በአንድ ፓውንድ የተደረገው ሽያጭም የእቁቡን ክፍያ ለባዶ ኪስ ማስረከብ ነበረ።

ስለዚህ እኔ እንደሚመስለኝ የባለቤቱ በደል መክሰሩ አይደለም። በደሉ በጥጋቡ ዓመት ከትርፉ በላይ አውጥቶ ለክፉው ቀን ጐተራውን ባዶ ማድረጉ ነው፤ ኋላም የሰዎችን ኑሮ ለማን እንደሚያስረክብ አጥብቆ አለመመርመሩ ነው። ላም የሚሸጥ ገበሬ እንኳ ስለ ገዢው ጠባይ ይጠይቃል።

በ2017 በየካቲት ወር ሰር ፊሊፕ ለጡረታው ገንዘብ እስከ 363 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማሙ። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ወደ 19,000 የሚጠጉ የጡረታ ባለመብቶችም ዕፎይ አሉ። ሆኖም ክፍያው የመጣው የጡረታ ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሕጋዊ እርምጃ ከጀመረ በኋላ ነው። ሥራቸውን ላጡትም ሥራቸውን አልመለሰላቸውም። ደግሞም ይህ ክፍያ የተከራካሪውን ቃል ያፈርሰዋል፤ ሽያጩ ሁሉን ነገር ጨርሶ ቢሆን ኖሮ፥ ከሁለት ዓመት በኋላ ያን ያህል ገንዘብ ምን ያስከፍላል? የገዢው መጨረሻ ደግሞ የከፋ ሆነ፤ ቻፔል በ2020 ግብር በማጭበርበር ስድስት ዓመት ተፈረደበት። በ2024ም የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከመጨረሻዎቹ ዲሬክተሮች አንዳንዶቹን፥ ተስፋ እንደሌለ ማወቅ ሲገባቸው ንግዱን ቀጥለዋል ሲል በኃላፊነት ያዛቸው። ሕግ ስምንት ዓመት ዘግይቶም ቢሆን ደረሰ፤ ሕሊና ግን በዚያው ቀን ሊደርስ ይችል ነበር።

ይህ የእንግሊዞች ነገር ብቻ እንዳይመስለን። ቶይስ አር አስ የተባለው የአሜሪካ የመጫወቻ መደብር በ2005 በሦስት የገንዘብ ኩባንያዎች ተገዛ፤ ለመግዣ የተበደሩትም ዕዳ በመደብሩ ጫንቃ ላይ ተጫነ። በ2018 የአሜሪካ መደብሮቹ ሲዘጉ ከ30,000 የሚበልጡ ሠራተኞች የስንብት ገንዘብ ሳያገኙ ወጡ። ሠራተኞቹ በአደባባይ ከጮኹ በኋላ ከሦስቱ ሁለቱ 20 ሚሊዮን ዶላር ለመርጃ አወጡ። ሕግ አላስገደዳቸውም፤ ይሁን እንጂ የሠራተኞቹ ጩኸት የሕግ ወሰንና የአደራ ወሰን አንድ እንዳልሆነ አሳወቃቸው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ክፉ ተረት አለን። ይህን ተረት በሹማምንት ላይ ስንነቅፈው ኖረናል፤ በነጋዴው ላይ ግን ብልህነት ነው ብለን እናሳልፈዋለን። አንባቢ ሆይ፥ ሱቅ ያለህ ብትሆን፥ አንድም አሥርም ሠራተኛ ቢኖርህ፥ ትርፍህን ከማውጣትህ በፊት የእነርሱን ድርሻ አስቀድመህ አስቀምጥ። ሱቅህን የምትሸጥ ብትሆን፥ ከዋጋው ጋራ የገዢውን ጠባይ መርምር። ሱቅ የሌለህም ብትሆን፥ አንድን ባለጸጋ ከማመስገንህ አስቀድመህ ያስቀመጠውን ከወሰደው ጋራ አስተያይ፤ መደብሩ ከተዘጋ በኋላ የሚሰነዘር ወቀሳ ለሠራተኛው እንጀራ አይሆነውምና።